ቫምፓየሩ ከጠረጴዛው ማዶ፦ ክፉ ገጸ ባሕርይ መጫወት እንዴት ተጀመረ?

ሌባና ፖሊስ ተጫውታችሁ ታውቃላችሁ? ከሆነ አንድ ነገር ሳትታዘቡ አልቀራችሁም። ሌባ መሆን የሚፈልግ ልጅ አይጠፋም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ሽሚያው ለሌባነት ነው። ሌባው ይሮጣል፣ ይደበቃል፣ ያታልላል። ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ ሌባውና ፖሊሱ ተያይዘው ወደ ሰፈር ይመለሳሉ። "ልጄ ሌባ ሆነብኝ" ብሎ የሚደነግጥ ወላጅ የለም።

አሁን ነገሩን ትንሽ እናወሳስበው። ሩጫው ይቅርና አምስት ስድስት ጓደኛሞች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጡ። አንድ ዙር ሦስት አራት ሰዓት ይፍጅ፤ ታሪኩም በየሳምንቱ እየቀጠለ ለወራት ይዝለቅ። አብረው መጓዝ፣ አብረው መዋጋት፣ ያገኙትን አብረው መካፈል አለባቸው። ታዲያ ከመካከላቸው አንዱ "እኔ ክፉውን ሰው ልጫወት" ቢልስ? ጨዋታው ሳይበላሽ፣ ጓደኛሞቹም ሳይኳረፉ ይዘልቃል?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ግን የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ ፈጣሪዎችን ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲያስቸግር የኖረ ጥያቄ ነው። እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ታሪኩን የማየው እንደ ንድፍ ችግር ነው። አንድ መፍትሔ ይሞከራል፤ አንዱን ቀዳዳ ሲደፍን ሌላው ይከፈታል፤ ከዚያ እንደገና ይሞከራል። እስቲ ሙከራዎቹን በቅደም ተከተል እንያቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ፦ ጨዋታው ምንድን ነው?

ጨዋታውን ለማታውቁት ቀላሉ ማብራሪያ እቃቃ ነው። በእቃቃ አንዷ እናት ትሆናለች፣ አንዱ አባት፣ ሌላው እንግዳ። የሚና ጨዋታም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ የተጻፈ ሕግ፣ አንድ ዳኛና ዳይስ መኖሩ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል። ዳኛው ዓለሙን ይተርካል፦ "ከፊታችሁ የተዘጋ በር አለ፤ ከውስጥ ድምፅ ይሰማል።" ተጫዋቾቹ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ። ድርጊቱ ይሳካ አይሳካ በማያስታውቅበት ጊዜ ዳይስ ይወረወራል። በሉዶ የምናውቀው ዳይስ ስድስት ገጽ ነው ያለው፤ እዚህ ግን ሃያ ገጽ ያለውም አለ፤ እያንዳንዱ ቁጥር የመውጣት ዕድሉ 5 በመቶ ነው።

ልብ በሉ፦ እዚህ ጨዋታ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አሸናፊና ተሸናፊ የለም። ቡድኑ አንድ ላይ ነው የሚቆመው። የክፉው ሰው ችግርም ከዚህ ይጀምራል።

ከጦር ካርታ ወደ ከተማ

የጨዋታው ሥር የሚመዘዘው ከወታደሮች ነው። በ1824 ራይስቪትስ የተባለ የፕራሻ መኮንን ለጦር መኮንኖች ሥልጠና የሚሆን "ክሪግሽፒል" (የጦርነት ጨዋታ) የተባለ ሕግ አሳተመ። ሁለት ወገኖች በካርታ ላይ ይፋለማሉ፤ ዳኛ በመሐል ሆኖ ውጤቱን ይወስናል። እዚህ ላይ "ክፉ" የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ተቃራኒ ወገን ብቻ ነው።

ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ፣ በ1969 አሜሪካ ሚኔሶታ ውስጥ ዴቪድ ዌስሊ የተባለ የጦርነት ጨዋታ አፍቃሪ አዲስ ነገር ሞከረ። ብራውንስታይን የምትባል ምናባዊ የጀርመን ከተማ ፈጠረ። ለተጫዋቾቹ ጦር ከመስጠት ይልቅ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሰጣቸው፤ እያንዳንዱም ሰው የየራሱ ዓላማ ነበረው። ተጫዋቾቹ እርስ በእርስ መነጋገር፣ መደራደር፣ መዋሸት ጀመሩ።

ዌስሊ ቆየት ብሎ ባዘጋጀው ተመሳሳይ ጨዋታ ቦታው አንዲት ትንሽ የላቲን አሜሪካ አገር ነበረች። ዴቭ አርንሰን የተባለ ተጫዋች የአብዮተኛነት ሚና ደረሰው። ታሪኩን የሚያውቁ ደጋግመው እንደሚያወሩት፣ አርንሰን አስቀድሞ የሐሰት የሲአይኤ መታወቂያ አዘጋጅቶ መጣ፤ ሌሎቹን ተጫዋቾች "እኔ እኮ በስውር የምሠራ ሰላይ ነኝ" ብሎ አሳመናቸው፤ በመጨረሻም የመንግሥቱን ገንዘብ ይዞ በሄሊኮፕተር ወጣ። ያታለለው የጨዋታውን ገጸ ባሕርያት ነው፤ ዳኛውን አይደለም። በዚያ ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች ለራሱ ዓላማ እንደሚሠራ ሁሉም ያውቅ ስለነበር ሽንገላው የጨዋታው አካል ነበር። ይህን ልዩነት ያዙት፤ በኋላ ያስፈልገናል።

ሰር ፋንግና ካህኑ

አርንሰን ብዙም ሳይቆይ የራሱን ዓለም ፈጠረ፤ ስሙ ብላክሙር ይባላል። ጨዋታው በ1971 ገደማ ተጀመረ። ብላክሙር ውስጥ ደግ ወገን ብቻ አልነበረም የሚጫወተው፤ ክፉዎቹንም የሚይዙ ተጫዋቾች ነበሩ። ከእነሱ መካከል ስሙ የገነነው ሰር ፋንግ ነው። ሰር ፋንግ በአንድ ተጫዋች የሚመራ ገጸ ባሕርይ ሲሆን በታሪኩ ሂደት ቫምፓየር ሆነ። ቫምፓየር ደግሞ በቀላሉ አይሞትም፤ እየጠነከረም ሄደ። ሌሎቹ መቋቋም አቃታቸው።

አርንሰን ምን አደረገ መሰላችሁ? ሰር ፋንግን አልከለከለውም። ይልቅስ ቫምፓየርን መቋቋም የሚችል አዲስ ዓይነት ገጸ ባሕርይ አስገባ፦ በፊልም ላይ እንደምናየው ቫምፓየር አዳኝ፣ በሃይማኖት ኃይል የሚዋጋ ካህን። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተጫዋቾች "ክሌሪክ" ብለው የሚያውቁት ገጸ ባሕርይ የመጣው ከዚያ ነው። በሌላ አባባል፣ ከዋናዎቹ የጨዋታው ጀግኖች አንዱ የተወለደው አንድ ሰው ክፉን አሳምሮ ስለተጫወተ ነው።

በመሐንዲስ ቋንቋ ይሄ የመጀመሪያው ንድፍ ነው፦ ክፉውን ከጠረጴዛው ማዶ አስቀምጠው፤ አንዱ ወገን ሲከብድ ሌላውን አጠንክር። ሚዛን ማለት ነው። የሚሠራው ግን ክፉውና ደጉ የተለያየ ቡድን ውስጥ እስካሉ ብቻ ነው። ሁለቱ በአንድ ቡድን ሲጓዙስ?

ዘጠኙ ሳጥኖች

በ1974 መጀመሪያ አርንሰንና ጌሪ ጋይጋክስ "ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ" የተባለውን ጨዋታ አሳተሙ። የመጀመሪያው ኅትመት 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። በሕጉ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ከሦስት ወገኖች አንዱን ይመርጣል፦ ሕግ፣ ገለልተኛነት ወይም ትርምስ። "ክፉ" የሚል ምርጫ አልነበረም፤ ተጫዋቾች ግን ትርምስን እንደ ክፋት ቆጠሩት።

በ1976 ጋይጋክስ አንድ ጽሑፍ ጽፎ ሁለቱን ለያያቸው። ሕግና ትርምስ አንድ ዘንግ ይሁን፤ ደግነትና ክፋት ሌላ ዘንግ። ሒሳብ የተማራችሁ ወዲያው ይታያችኋል፦ ኤክስና ዋይ ዘንግ ያለው ግራፍ ነው። በ1978 በወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ እያንዳንዱ ዘንግ ሦስት ደረጃ ስለነበረው 3 በ3 ዘጠኝ ሳጥን ሆነ።

ከዘጠኙ ሦስቱ የክፉዎች ናቸው፤ ሦስቱም አንድ አይደሉም። ሕግ አክባሪ ክፉ ቃሉን ይጠብቃል፤ ሰውን የሚጨቁነው በሕጉ ራሱ ነው። ትርምስ ወዳድ ክፉ ዛሬ የማለውን ነገ ይበላል። ገለልተኛው ክፉ ደግሞ ጥቅሙ ወዳዘነበለበት ያዘነብላል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ክፋትን በአንድ ቃል ከመዝጋት ይልቅ "ምን ዓይነት ክፉ?" ብላችሁ እንድትጠይቁ ያደርጋል።

ችግሩ ግን እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ነበር። መጽሐፉ ፓላዲን የሚባል ቅዱስ ተዋጊ አለው፤ ፓላዲን ከክፉ ሰው ጋር እንዳይጓዝ ሕጉ ያዛል። ያው መጽሐፍ ነፍሰ ገዳይ የሚባል ገጸ ባሕርይም አለው፤ ነፍሰ ገዳዩ ደግሞ ክፉ መሆን ግዴታው ነው። አንዱ ጓደኛችሁ ፓላዲን፣ ሌላው ነፍሰ ገዳይ ቢመርጡ ሁለቱም ሕጉን አክብረዋል፤ ጨዋታው ግን ሳይጀመር ቆመ። እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ሲፈተሽ ይሠራል፤ ሲገጣጠም ግን አይሠራም። መሐንዲሶች ይህን ችግር በደንብ እናውቀዋለን።

በዚያ ዘመን ስማቸው የተነሣ ክፉዎች ችግሩን እንዴት አመለጡት? ከጋይጋክስ የመጀመሪያ ተጫዋቾች አንዱ የሆነው ሮብ ኩንትዝ ሮቢላር የተባለ ገጸ ባሕርይ ነበረው። ሮቢላር ለማንም የማይራራ ተዋጊ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚጓዘው ብቻውን፣ ከኦርክ ሎሌዎቹ ጋር ነው። ዳኛውና እሱ ብቻ ሲሆኑ የሚከዳው ጓደኛ የለም። ብልህ መፍትሔ ነው፤ ግን ለአምስት ስድስት ሰው አይሆንም።

"ልጆቻችንን አጠፋብን"

ጨዋታው እየተስፋፋ ሲሄድ ጥያቄው ከጠረጴዛው ወጥቶ ወደ አደባባይ ደረሰ። በ1979 አሜሪካ ውስጥ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጠፋ፤ ጋዜጦች መጥፋቱን ከጨዋታው ጋር አያያዙት። ተማሪው ከሳምንታት በኋላ በሕይወት ተገኘ፤ የመጥፋቱ ምክንያትም ጨዋታው አልነበረም። ወሬው ግን ቀድሞ ሄዷል። በ1983 ጨዋታውን የሚቃወም ማኅበር ተቋቋመ። በ1985 "ሲክስቲ ሚኒትስ" የተባለው ታዋቂ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ጉዳዩን አቀረበው። ክሱ፦ አጋንንትና አስማት የሚጫወቱ ልጆች መጨረሻቸው ጥፋት ነው። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ጨዋታው ለእንዲህ ያለ ጥፋት መንስኤ ነው የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኙም።

የወላጆቹን ጭንቀት አቅልለን አንለፈው። ልጅ ያጣች እናት ምክንያት ብትፈልግ አይፈረድባትም። አሳታሚው ግን ምን አደረገ? በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም ነፍሰ ገዳዩ ተሰረዘ። ዲያብሎስና ጋኔን የሚሉት ስሞችም ወጡ፤ ፍጥረቶቹ ቆይተው የተመለሱት በሌላ ስም ነው። ሁለተኛው ንድፍ እንግዲህ ይሄ ነው፦ ክፉውን አስወጣው። ይህም ችግሩን አልፈታም። በየቤቱ "እኔ ክፉውን ልሁን" የሚል ተጫዋች መቼም አልጠፋ።

የሚገርመው፣ ለክሱ የሚሆን መልስ ቀድሞ ተጽፎ ነበር። ጌሪ አለን ፋይን የተባለ ሶሲዮሎጂስት ከተጫዋቾች ጋር እየተቀመጠ አጥንቶ በ1983 መጽሐፍ አሳተመ። ፋይን እንዳየው፣ ጠረጴዛው ላይ እያንዳንዱ ሰው በሦስት ንብርብር ይኖራል። አንደኛው ሰውዬው ራሱ ነው፤ ይርበዋል፣ ነገ ፈተና አለበት። ሁለተኛው ተጫዋቹ ነው፤ ሕጉን ያውቃል፣ ዳይስ ይወረውራል። ሦስተኛው ገጸ ባሕርይው ነው፤ በሩ ፊት ለፊት ቆሟል፣ ከበሩ ጀርባ ያለውን አያውቅም። ጥሩ ተጫዋች በሦስቱ መካከል ሲመላለስ ይውላል።

በዚህ ዓይን ሲታይ የ1980ዎቹ ፍርሃት ሦስቱን ንብርብሮች አንድ አድርጎ የመጭመቅ ስሕተት ነበር፦ ገጸ ባሕርይው ክፉ ከሆነ ሰውዬውም ክፉ ነው ማለት። ግን ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ እሱን የሚሠሩት ደግሞ ተጫዋቾች ናቸው። የጓደኛውን ዕቃ ይሰርቃል፣ ቡድኑን ለጠላት ይሸጣል፣ ሌሎቹ ሲናደዱ "እኔ ምን ላድርግ፤ ገጸ ባሕርዬ እኮ እንደዚህ ነው" ይላል። የመጀመሪያው "ገጸ ባሕርይው አንተው ነህ" አለ፤ ሁለተኛው "ገጸ ባሕርይው እኔን አይመለከተኝም" አለ። ሁለቱም ተሳስተዋል። ገጸ ባሕርይው እናንተ አይደላችሁም፤ ግን የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ።

ዋጋ ያለው ክፋት

ሦስተኛው ንድፍ ከሌሎች ጨዋታዎች መጣ። በ1984 የወጣው "ፓራኖያ" ችግሩን በሳቅ ፈታው። እዚያ ሁሉም ሰው ምሥጢር ያለው ከሃዲ ነው፤ ለእያንዳንዱም ስድስት ቅጂ፣ ማለትም ስድስት ሕይወት፣ ተሰጥቶታል። መክዳት ርካሽ ነው፤ መሞትም ርካሽ ነው። ሁሉም የገባው ለዚያ ስለሆነ የሚቀየም የለም።

በ1991 የወጣው "ቫምፓየር፦ ዘ ማስከሬድ" ግን ወደ ቁም ነገሩ ገባ። እዚህ ሁሉም ተጫዋች ቫምፓየር ነው፤ ከጠረጴዛው ማዶ የነበረው ሰር ፋንግ አሁን በሁሉም ወንበር ላይ ተቀመጠ በሉት። ዋናው ፈጠራ "ሰብአዊነት" የሚባል እስከ 10 የሚደርስ ቁጥር ነው። ገጸ ባሕርይው ከደረጃው በታች የሆነ ክፉ ሥራ ሲሠራ ዳይስ ይወረወራል፤ ኅሊናው ካልረዳው ቁጥሩ ይቀንሳል። ቁጥሩ ከፍ ያለ ሰው ትንሽ ስርቆት ያስጨንቀዋል። ዝቅ ያለው ግን በስርቆት አይደነግጥም፤ እሱን ለማስደንገጥ ግድያ ያስፈልጋል። ቁጥሩ ዜሮ ሲደርስ ገጸ ባሕርይው አውሬ ይሆናል፤ ተጫዋቹም ይነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚመራው ዳኛው ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የ1978ቱ ሳጥን "ክፉ ነህ" ብሎ ስም ይለጥፋል። የ1991ዱ ቁጥር ግን "እያንዳንዱ ክፉ ሥራ ቀጣዩን ያቀልልሃል፤ መጨረሻው ራስህን ማጣት ነው" ይላል። ክፋትን እንደ ሂደት አሳየ። ተጫዋቹ ክፉ እንዲሆን ተፈቀደለት፤ ዋጋውን ግን ይከፍላል።

ካርዷ

አሁንም አንድ ቀዳዳ ቀረ። ዋጋውን የሚከፍለው ገጸ ባሕርይው ነው፤ ከጎናችሁ የተቀመጠችው ጓደኛችሁስ? የእናንተ ገጸ ባሕርይ የሚፈጽመው ግፍ እሷ በእውነት የደረሰባትን ነገር ቢያስታውሳትስ? ንብርብሮቹ በብረት ግንብ የተለያዩ አይደሉም። በ2007 ኤሚሊ ኬር ቦስ የተባለች የጨዋታ ፈጣሪ ለዚህ ስም አወጣችለት፦ "ብሊድ"፣ ማለትም ስሜት ከገጸ ባሕርይው ወደ ሰውዬው፣ ከሰውዬውም ወደ ገጸ ባሕርይው ሲፈስ።

አራተኛው ንድፍ ስለዚህ ከሕጉ ውጭ፣ በሰዎቹ መካከል ተሠራ። በ2003 ሮን ኤድዋርድስ "መስመርና መጋረጃ" የሚል ልማድ አስተዋወቀ። መስመር ማለት በጭራሽ ወደ ታሪኩ የማይገባ ነገር ነው፤ መጋረጃ ደግሞ መከሰቱ ይነገራል፣ ዝርዝሩ ግን አይታይም። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ጆን ስታቭሮፖሎስ "ኤክስ ካርድ" የተባለውን አመጣ። ኤክስ የተጻፈባት አንዲት ወረቀት ጠረጴዛው መሐል ትቀመጣለች። ማንም ሰው ሲከብደው ይነካታል፤ የተባለው ነገር ይዘለላል፤ ምክንያት አይጠየቅም።

የሚያስደንቀው፣ ይህች ወረቀት ክፋትን አላጠፋችም፤ እንዲያውም መንገድ ከፈተችለት። መኪና ፍሬን ያለው እንዲቆም ብቻ አይደለም፤ በፍጥነት መሄድም እንዲችል ነው። ማቆም እንደሚቻል ሁሉም ሲያውቅ አስፈሪ ታሪክ ለመግባት ድፍረት ያገኛል።

ከማይተዋወቁ ሰዎች ጋርስ? ከ2014ቱ እትም ጋር የተጀመረው ይፋዊ የሕዝብ ጨዋታ መርሐ ግብር ለክፉዎች አንድ ጠባብ በር ብቻ ነበር የተወው፦ ሕግ አክባሪ ክፉ የሆነ፣ ያውም ከሁለት የተወሰኑ ቡድኖች የአንዱ አባል የሆነ። ለምን እሱ? ቃሉን የሚጠብቅ፣ ከበላዩ አለቃ ያለው ክፉ ከባዕዳን ጋርም መጓዝ ስለሚችል ይመስለኛል።

እናንተ ብትቀመጡስ?

እንግዲህ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጣችሁ ክፉውን መጫወት ብትፈልጉ፣ ይህ ታሪክ የሚነግራችሁ ነገር አለ። ገና ሳትጀምሩ ለጓደኞቻችሁ ንገሯቸው፤ አርንሰንም ያታለለው ሽንገላ የጨዋታው አካል እንደሆነ ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ሆኖ ነው። ገጸ ባሕርያችሁ ቡድኑን የሚፈልግበት ምክንያት ስጡት፤ ዕዳ ይሁን፣ የጋራ ጠላት ይሁን፣ የሚወዳት እህት ትሁን። የማይሻገረው አንድ መስመር ይኑረው። ክፋቱ ደግሞ ለጓደኞቻችሁ ሥራ ይፍጠርላቸው እንጂ ሥራ አያሳጣቸው፤ ሰር ፋንግ ካህኑን እንደፈጠረ አስታውሱ። ዋጋውን ለመክፈልም ተዘጋጁ፤ ክፉ ሁልጊዜ የሚያሸንፍበት ታሪክ ቶሎ ይሰለቻል።

ሃምሳ ዓመት ሙሉ ፈጣሪዎቹ መልሱን በሕግ ውስጥ ፈለጉት፤ አጠነከሩ፣ ሳጥን ሠሩ፣ ሰረዙ፣ ቁጥር ሰጡ። እያንዳንዱ ሙከራ ጠቅሟል። ግን የትኛውም ሕግ ብቻውን አልበቃም፤ ምክንያቱም ችግሩ ያለው በገጸ ባሕርይውና በገጸ ባሕርይው መካከል ሳይሆን በሰውና በሰው መካከል ነው። ገጸ ባሕርያችሁ ለማንም ታማኝ ላይሆን ይችላል። ክፉ መሆን የሚችለው እናንተ ጠረጴዛው ዙሪያ ላሉት ታማኝ ስትሆኑ ነው። ስለዚህ ዳይሱን ከመወርወራችሁ በፊት ከጎናችሁ ያለውን ሰው "ይሄ ላንተ ይመቻል?" ብላችሁ ጠይቁት።